የሌላ አገር እባብ

ሰኔ 9

ለውድ አክስቴ፣

ይህች ወረቀት በደህና ታግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ «ደረጃ መውጣት አቃተኝ» ሲሉ እናቴ «ምድር ቤት ነው የምትሠሪው፤ ደረጃው ምን ያደርግልሻል» ብላ አሳቀችዎ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እባክዎ ሐኪም ይየው። እኛ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ጨው ቀንሺ ያልኳትን እንዳልሰማች ሆና ትኖራለች።

በስልክ ያልነገርኩዎትን ልጽፍልዎ ነው። ስልክ እንደሆነ እናቴ ድምፁን ከፍታ መሀል ቤት ስለምታስቀምጠው፣ ከእርስዎ ጋር የምናወራው ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ነው።

ጡብ ሠሪው ሞተ። ያ የቤትዎን ግድግዳ የሠራልዎ። የደረቀውን ጡብ ሊያነሣ እጁን ሲሰድ ከሥሩ ተጠምጥሞ የነበረ እባብ ነደፈው። ወንድሙ ክንዱን በገመድ ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ ደግፎ አመጣልኝ። ገመዱን ቀስ በቀስ አላላሁት፤ ክንዱ እንዳይንቀሳቀስ በጣውላ ደገፍኩት፤ ግሉኮስ ሰጠሁት። የመርዙ ማርከሻ ግን የለኝም። እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ትልቁ ሆስፒታል አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ ያልቃል። መኪና ስንፈልግ ቆየን፤ የተገኘችውም ነዳጅ እስኪለመንላት ቆመች። አስፋልቱን ሳያዩ መንገድ ላይ አረፈ።

ከሁሉ የከነከነኝ ወንድሙ የተናገረኝ ነው። «ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ውሰደው አለኝ፤ አመጣሁት» አለ። «አዎ፣ አመጣኸው» አልኩት። «ባላመጣውስ ኖሮ ምን ይቀርበት ነበር?» አለኝ። ለመስደብ አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

ክረምት ሲገባ ውሃው ጉድጓዱን ሞልቶት እባቡ ወደ ደረቅ ይሸሻል። ደረቅ ማለት ደግሞ የሰው ቤት ነው፤ አልጋ የሌለው ሰው ቤት። ወንዙን ተከትለው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ወሬያቸው አንድ ነው። ጤና ቢሮ ስንጠይቅ «እኛን ያስቸገረን ወባ ነው፤ የእባቡ ቁጥር ትንሽ ነው» ይሉናል። ቁጥሩ ያነሰው እኮ አብዛኛው ሰው እኛ ጋ ሳይደርስ ስለሚቀር ነው። የሞተ ሰው መጥቶ አይመዘገብም።

ምንም እንዲልኩልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ለሰው መንገር ስለፈለግሁ ብቻ ነው።

እናቴ ጫማ ይላክልኝ ብላለች፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 2

ለልጄ ለነርሷ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከእንፋሎት መሀል ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ከደጅሽ ይድረስ። እጅሽን ያለምልመው፤ ክፉ አይንካሽ።

ጡብ ሠሪውን አስታወስኩት። ግድግዳዬን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ «ይህ ግድግዳ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል» ብሎኝ ነበር። ግማሹ እውነት ሆነ። ነፍሱን ይማረው። ደብዳቤሽን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነው፤ ምሳዬን አልበላሁትም።

አሁን ስሚኝ። «ምንም እንዲልኩልኝ ብዬ አይደለም» አልሽ። አመልሽን የማላውቅ መሰለሽ? በልጅነትሽም ሆድሽ እየጮኸ «በልቻለሁ» የምትዪ ነበርሽ። ደብዳቤሽን ለተኳሿ ነገርኳት። ተኳሽ ስልሽ ደግሞ ጠመንጃ እንዳይመስልሽ፤ የያዘችው ካውያ ነው። የሆቴሉን አንሶላ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች፣ አንዲት ዝምተኛ ሴትዮ ታጥፋለች። የሦስታችንም አገር ለየብቻ ነው። የምንግባባው በአለቃችን ቋንቋ ነው፤ እሱንም ሦስታችንም በየፊናችን እየሰባበርን። ተኳሿ ሰምታኝ ስትጨርስ ካውያዋን አስቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች። አጣፊዋም ተከተለች። አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር ሳይቀር አዋጣ።

ሾፌሩ መድኃኒት አከፋፋይ ያውቃል። እሱ ጋ ወሰደኝ። ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣

«ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለእባብ» አልኩት።

«ለየትኛው እባብ?»

«ለሚናደፈው» አልኩት።

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከጓዳ አወጣልኝ። ብልቃጦቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ትልቅ ነው፤ እሱን ለአንቺ አልነግርሽም። በበረዶ ሳጥን አሽገን ወደዚያ ለሚመጣ መንገደኛ ሰጥተናል። መናኸሪያ ላይ ተቀበሉት።

ለእናትሽ በስልክ ነግሬያታለሁ። እንግዲህ ሬዲዮ ለምን ባትሪ እንደሚፈልግ አይገባኝም፤ እናትሽ ያለ ባትሪ ስትሠራ ይኸው ስንት ዘመኗ።

ጫማዋንም ከሳጥኑ ጋር አድርጌዋለሁ።

አክስትሽ


ነሐሴ 14

ለውድ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ አይንጠፍ፤ አብረውዎት ያዋጡትንም ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ሳጥኑ በደህና ደርሷል። በረዶው ቀልጦ ነበር፤ ብልቃጦቹ ግን ቅዝቃዜያቸውን አልለቀቁም። ከመናኸሪያው የተቀበለችው እናቴ ናት። አቋራጩን ትታ በገበያው ዞራ መጣች። እንደ አራስ ልጅ ሳጥኑን ታቅፋ፣ ምንድን ነው ላላት ሁሉ እየቆመች ስታስረዳ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የተከተላት ሰው ቀላል አልነበረም። ልብስ ሰፊው እንኳ ሥራውን ጥሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ፣ «እንግዲህ እባቡም ይወቀው» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀው።

ብልቃጦቹን ከክትባቱ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። የትልቁን ሆስፒታል ዶክተርም ደውዬ አነጋገርኩት።

የእናቴ ጫማ ልክክ ብሏል። ለቤት ትልቅ ነገር ነው ብላ ለገበያ ብቻ ነው የምታደርገው። የጤና ጣቢያው ጣሪያ የመርፌ መውጊያ ክፍሉ ላይ ያፈሳል፤ ባልዲ አድርገንበታል።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 6

ለልጄ፣

እንኳን ክረምቱን በደህና አወጣሽ። ያንቺን ሰላም ያብዛው፤ ጣሪያሽንም ይጠግነው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሐኪም አየው፤ «አረፍ በይ» አለኝ። አመስግኜው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ማንን አዳነ? ተኳሿ ጠዋት ስትገባ ከ«ደህና አደርሽ» በፊት የምትጠይቀኝ እሱን ነው። አጣፊዋ አትጠይቅም፤ ግን ደብዳቤ ሲመጣ ፊቴን ታያለች። እናትሽ በስልክ እንደነገረችኝ ከማዶ መንደር ሳይቀር ሰው ፍሪጁን ለማየት እየመጣ ነው አሉ። እውነት ነው? ይህን ስነግራቸው እንፋሎት ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

የዳነውን ሰው ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ አሁን ምን እንደሚል። እዚህ ቀኑን ሙሉ የማናውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ነው የምናጥበው፤ ለማን እንደሠራን አይተን አናውቅም። ይህን አንዱን እንኳ እንወቀው።

አክስትሽ


መስከረም 30

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሥራ በዝቶብኝ ስለሆነ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እስካሁን በእርስዎ መድኃኒት የተወጋ ሰው የለም። በዚህ ወር ሁለት ሰዎች ተነድፈው መጥተው ነበር፤ ሁለቱንም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልኬያቸዋለሁ፤ ተርፈዋል። መንደሩ ውስጥ ሰው በጨለማ ያለ መብራት ስለሚወጣ፣ የእጅ ባትሪ ቢገኝ ከብዙ ነገር ያድን ነበር።

እናቴ ደህና ናት። ሌላውን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 25

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ሁኚ።

መድኃኒት ላክሁልሽ፣ ስለ ጣሪያ ጻፍሽልኝ። ማንን አዳነ ብዬ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ባትሪ መለስሽልኝ። ሁለት የተነደፉ ሰዎች በእጅሽ ገብተው ወደ ሆስፒታል ከላክሻቸው፣ እኔ የላክሁት ለምንድን ነው የተቀመጠው? ለፍሪጁ ጌጥ ነው?

ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሸ በዪኝ። ሸጠሽው ከሆነም ሸጥኩት በዪኝ፤ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ይበርድልኛል። ዝምታሽን ግን ለተኳሿ በየትኛው ቋንቋ ልተርጉምላት?

አክስትሽ


ኅዳር 28

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬን እያፈርኩ አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ነሐሴ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

አልሸጥኩትም፤ አልተበላሸምም። የላኩት መድኃኒት የእኛን እባብ አያውቀውም። የእባብ መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ማርከሻ የሚሠራው ከታወቀ እባብ መርዝ ነው፤ የሚያድነውም ያን እባብና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩት እባቦች ከባሕር ማዶ የሚኖሩ ናቸው፤ እዚህ አንዳቸውም የሉም። ለዶክተሩ ስደውልለት ስማቸውን አንድ በአንድ አስነበበኝና፣ «ለእኛ አገር እባብ ውሃ ማለት ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ውሃስ ይሻላል፤ ይህ የሰው ሰውነት ሊያስቆጣና ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። እንዳትሰጪ» አለኝ።

ያን የሰማሁት እናቴ በገበያው ዞራ ከመጣች በኋላ ነው። እርስዎ ከጓደኞችዎ ጋር ያዋጡት፣ እናቴ የታቀፈችው፣ ሰው ያጨበጨበለት ነገር ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። የተነደፈ ሰው ሲመጣ በዝምታ ወደ ሆስፒታል እልካለሁ፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ አሰብኩ። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ሚስቱን አመጣት። ከጓሮዋ የማሽላ አገዳ ስታነሣ እባብ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነድፏታል። እህል የሚጭነው ፒክአፕ ነው ያመጣቸው። እግሯን ደገፍኩት፤ ድዷን ሳየው መድማት ጀምሯል። ወጥቼ ሾፌሩን «ሞተሩን አታጥፋ፤ ወደ ሆስፒታል ነው» አልኩት።

ልብስ ሰፊው ከኋላዬ፣ «ምን ሆስፒታል?» አለ። «የአክስትሽን መርፌ ውጊያት እንጂ።»

«ያ ለእሷ አይሆንም» አልኩት።

«ለምን አይሆንም? የተነደፈችው በእባብ ነው።»

«የሌላ አገር እባብ መድኃኒት ነው። የእኛን አያክምም።»

ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። «ነሐሴ ላይ የእኛ ነበር» አለ። «ዛሬ የሌላ አገር ሆነ? ለዘመድ ነው የምታስቀምጪው?»

ገብቼ ሳጥኑን አመጣሁት። ወረቀቱን አውጥቼ እዚያው ግቢው መሀል ማንበብ ጀመርኩ። «ወረቀት አታንብቢልኝ» አለኝ። «እናትሽ በገበያ መሀል ቆማ የነገረችኝን ነው የማምነው። አንቺም እዚህ በር ላይ ቆመሽ ስትሰሚ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርሽም።»

እውነቱን ነው። ሾፌሩ ነገሩ የማያልቅ ሲመስለው ሞተሩን አጠፋ። አንዱ «ትሞክርለት እንጂ፣ ምን ይጎዳል» ይላል፤ ሌላው «በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ከምትንገላታ» ይላል። ሁሉም ደግ ሰው ነው፤ ሁሉም ለእሷ አዝኖ ነው። እሷ አልጋው ላይ ተጋድማ በመስኮቱ ስታየን ቆየችና፣ «ስትጨርሱ ንገሩኝ» አለች። እግሯ ከጉልበቷ በላይ አብጦ ነበር።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ያንን የእርስዎን ጫማ አድርጋለች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። «ምንድን ነው?» አለች፤ ነገሯት። ወደ እኔ ዞረች።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የመጣ ዕለት።»

አክስቴ፣ እናቴ ስትቆጣ አውቃታለሁ። ስታኮርፍም አውቃታለሁ። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ግን አላውቀውም። ከዚያ ፊቷን ወደ ልብስ ሰፊው መለሰች።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለችው። «ያወራሁት እኔ ነኝ። የማላውቀውን ነው ያወራሁት። የላከችው እህቴም አታውቅም። እዚህ ግቢ ውስጥ የምታውቀው ይህች ልጅ ብቻ ናት። ሚስትህን አሳፍር።»

አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ፒክአፑ ላይ እየተንጠላጠለች ወጣች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። «እዚህ አስተኟት፤ እኔ እይዛታለሁ» አለች። «እዚያም መድኃኒት ከሌለ እኔን እዚያው ጥለኸኝ ተመለስ።»

ያን ጊዜ ነው ተሸክሞ ያወጣት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት ነበር። የልብስ ሰፊው ሚስት ተርፋለች። እግሯን ግን ከጉልበቷ በታች ቆርጠውታል። ዶክተሩን በስልክ ሳገኘው፣ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ሴትዮዋ እስክትድን እናቴ አብራት ሰነበተች። ልብስ ሰፊው ተመልሶ ሱቁን ከፍቷል፤ ከእኔ ጋር ግን አይነጋገርም። ሱቁ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንተያያለን። ብልቃጦቹን ከፍሪጁ አውጥቼ እንዲያስወግዱት ለሆስፒታሉ ሰጥቻለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ከሚቀመጥ ባዶው መደርደሪያ ይሻላል።

ቁጣዎን እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ለልጄ፣

ደህና ነሽ? እኔ አለሁ።

ሁለት ጊዜ ጽፌልሽ ቀደድኩት። የመጀመሪያው ስድብ ነበረበት። ሁለተኛው ልቅሶ ነበረበት። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱም ወጥቶልኛል።

መጀመሪያ የተናደድኩት በመድኃኒት አከፋፋዩ ነው። ከዚያ «ለሚናደፈው» ብዬ የመለስኩለት ትዝ አለኝና በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ወደ አንቺ መጣሁ። አንቺ እኔ እንዳላፍር ብለሽ ዝም አልሽ። ልጄ፣ እኔ እኮ ባሕር ማዶ ነኝ። ምን እንዳይነካኝ ነው የጠበቅሽኝ? ነሐሴ ላይ ብትነግሪኝ አንድ ሌሊት በኀፍረት እገላበጥ ነበር፤ ጠዋት ተነሥቼ አንሶላዬን አጥብ ነበር። የዚያች ሴት እግር ግን አይመለስም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ራስሽን ወቅሰሽ ጨርሰሻል። ግን አንድ ሰው እውነቱን በአፉ ሊነግርሽ ይገባል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን አለብኝ፤ ምክንያቱም ሳጥኑን የላክሁት እኔ ነኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሁሉ ሰው ካወቀ በኋላ መስማቴ አንገበገበኝ። ለሴቶቹ እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሦስታችንም ተቀምጠን፣ ሾፌሩም መጥቶ ሳለ፣ ነገርኳቸው። ያዋጣችሁት ሰው አላዳነም፤ ይልቁንም አስዘገየ አልኳቸው። ይነሡና ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ተኳሿ «ወንድሜን» ብላ ጀመረች። ሩዝ ሲተክል፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እባብ ነደፈው። በጀልባ ወሰዱት። የደረሱበት ክሊኒክ በሩ ላይ የእባብ መድኃኒት አለ የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ መድኃኒቱ ግን ካለቀ ቆይቷል፤ ጽሑፉን ያነሣው ሰው የለም። «ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ወደ ከተማ እንቀዝፍ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤሽን የነገርኳት ዕለት ለምን ቦርሳዋን ቀድማ እንደከፈተች ያን ጊዜ ገባኝ።

አጣፊዋ ዝምተኛ ናት ብዬሽ ነበር። ግራ እጇ ሁለት ጣት የለውም። ከእሷ ጋር አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ይዘን ስናጥፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁልጊዜ ማሽን የቆረጠው ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ዕለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እባብ» አለች። በልጅነቷ፣ እንጨት ስትለቅም። ጥርቅም አድርገው አሰሩት፤ ጣቶቹ ጠቆሩ።

የሦስታችን አገሮች አይዋሰኑም። አለቃችን ወሬያችንን ሰምቶ፣ «እኔ እባብ ያየሁት መስታወት ውስጥ ነው» አለ። ክፋት የለውም፤ እውነቱን ነው። እዚህ እባብ የሚያዩት ትኬት ቆርጠው ነው።

እንግዲህ ከአሁን በኋላ «ምን ልላክ» አልልሽም። ምን ልጠይቅ፣ እሱን ንገሪኝ። ለሴቶቹም ያልኳቸው ይህንን ነው፤ ልጅቷ የምትለውን ሳንሰማ ቦርሳ አንከፍትም።

እናትሽ ታሳስበኛለች። ስትደውል ድምፁን አትከፍትም፤ ዝግ ብላ ነው የምታወራኝ። እንደ ድሮዋ ስትጮህ መስማት ናፍቆኛል።

አክስትሽ


ሰኔ 21

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከነምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። መልሴ የዘገየው ልደብቅዎ ብዬ አይደለም። የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ጠብቄ ነው።

በእናቴ ልጀምር። ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣችም። እኔንም በመጠኑ ነበር የምታነጋግረኝ፤ «እራትሽ እዚያ አለ» ከማለት አታልፍም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ተነሥታ ወጣች። ሳጥኑን ታቅፋ በዞረችበት መንገድ፣ ያን ቀን ባነጋገረቻቸው ሰዎች ሱቅና መደብ ሁሉ እየቆመች፣ «ያ ያወራሁት መድኃኒት የእኛ አይደለም። የተነደፈ ሰው በገመድ አትሰሩ፣ በምላጭ አትብጡ፤ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል» ስትል ዋለች። አንዳንዱ ሳቀባት። ማታ እግሯን እያሸች፣ «ውሸቱን ስነግራቸው ሻይ ይጋብዙኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ውሃ እንኳ ያለኝ የለም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ታረቀች። ስልኩንም እንደገና ድምፁን ከፍታ ማውራት ጀምራለች፤ እርስዎም ሰምተዋል።

ምን ልጠይቅ ላሉኝ፣ እኛው ጠይቀናል። በወንዙ ዳር ያለን የጤና ጣቢያ ነርሶች ከዶክተሩ ጋር ሆነን ጤና ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። «ቁጥሩ ትንሽ ነው» አለ እንደገና። የልብስ ሰፊው ሚስት አብራን መጥታ ነበር፤ ማንም አልጠራትም፤ ሰምታ ነው የመጣችው። በምርኩዝ ደረጃውን ወጥታ፣ ወንበር ሲሰጧት እንቢ ብላ ቆማ፣ «ትንሽ ከሚሏቸው አንዷ እኔ ነኝ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ኃላፊው እስክሪብቶውን ሲያነሣ ሲጥል ቆየ።

ለዚህ ክረምት ትክክለኛው ማርከሻ ለትልቁ ሆስፒታል ገብቷል። የከርሞውን አላውቅም፤ የጤና ቢሮው ሰዎችም አያውቁም። ለእኛ ጤና ጣቢያ አልሰጡንም፤ ዶክተሩም እንዳይሰጡን ነው የመከረው፤ ሰውነት ሲቆጣ የሚያክም ሐኪም በሌለበት አይሰጥም። እኔም ተስማምቻለሁ። ባለ ፒክአፑ የተነደፈ ሰው ሲኖር ጭነቱን አራግፎም ቢሆን ሊያደርስ ቃል ገብቷል። ሴቶቹ የእጅ ባትሪ መላክ ከፈለጉ ደስ ይለናል፤ እሱ ለየትኛውም አገር እባብ ይሆናል።

አሁን ትናንት የሆነውን ልንገርዎ።

ከምሳ በኋላ ነው። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ፒክአፑ ከሩቅ ጡሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ሰማሁና ጣውላና ፋሻ ይዤ ወደ በር ሮጥኩ። ከወንዝ ዳር የተነደፈ ዓሣ አጥማጅ ነው የጫነው። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ጤና ጣቢያው በር መታጠፍ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ተነሥቶ መንገዱ መሀል ገባ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ሊሰፋው የያዘው ሱሪ በእጁ አለ። ሱሪውን ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ እያውለበለበ፣ «ቀጥል፣ እዚህ አታውርደው፣ ቀጥል» አለው።

ሾፌሩ መሪውን መለሰ። መኪናው በፊቴ አለፈ። ዓሣ አጥማጁ በጀርባው ተኝቷል፤ አብሮት የተሳፈረ ሰው እግሩን በመቅዘፊያ እንጨት ደግፎ፣ ሳያጠብቅ አስሮ ይዞለታል። የሚደረገው ሁሉ ተደርጎለታል። ለእኔ የተረፈኝ ሥራ አልነበረም። ጣውላዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ መኪናው ዳገቱን ወጥቶ እስኪሰወር አየሁት። ነርስ ከሆንኩ ጀምሮ በሽተኛ ትቶኝ ሲያልፍ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ዶክተሩ አመሻሹ ላይ ደውሎ፣ በጊዜ ደርሷል፣ እግሩም ይተርፋል አለኝ።

መኪናው ከተሰወረ በኋላ ልብስ ሰፊው ወደ ሱቁ ተመለሰ። ማሽኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪውን ከመርፌው ሥር አስተካከለ። ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቃል አልተነጋገርንም ነበር። ቀና ሳይል፣

«ዛሬ አላስቆምኩትም» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት።

የእህትዎ ልጅ